የመጨረሻው ድንጋይ የእግረኛው ነው

ሸዋ ሮቢት፣ ጥቅምት 12 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለእትዬ ወርቅነሽ፣ ደብረ ሲና

እትዬ፣ የላኩብኝ ጥያቄ በነጋዴው በሳልህ አፍ ደርሶኛል። በርበሬውን ከበቅሎው ሳያራግፍ ነው የነገረኝ፣ ያውም ገበያ መሃል ቆሞ፣ ጮክ ብሎ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ብርዱስ በረታ? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ቆላው እንደ ልማዱ እየጠበሰኝ ደኅና ነኝ። መልሴ ደግሞ ይኸው፦ አዎ፣ እውነት ነው። ለጣሊያኑ ካፒቴን የአትክልት ቦታ እንድሠራ ታዝዣለሁ።

ታዝዣለሁ ያልኩትን ልብ ይበሉልኝ። ለምኜ አልገባሁም። አዲስ አበባ በፈረንጆቹ ሌጋሲዮን ግቢ ከባለቤትዎ ከጋሼ ከበደ ጋር አትክልተኛ ሆኜ መሥራቴን ማን እንደነገራቸው አላውቅም፤ ብቻ አንድ ጠዋት ወታደሮችና አስተርጓሚ ቤቴ ድረስ መጡ። እምቢ ያለ ወደ መንገድ ሥራ ነው የሚወሰደው። ለመንገዱ ከሚፈለፈለው ከተርማ በር ዋሻ የተመለሱትን ደግሞ አንቱ ከእኔ ይልቅ ያውቋቸዋል።

ካፒቴኑ አንድ ወረቀት ሰጠኝ። ሥዕሉ ያምራል፣ አልዋሽዎትም። እናቱ ቤት የነበረውን እያስታወሰ በገዛ እጁ የሣለው ነው አሉ። ትልቅ ክብ ገንዳ አለው፤ ከገንዳው እንደ ጋሪ ጎማ ዘንግ የሚዘረጉ መንገዶች አሉት፤ ዳር ዳሩን ጽጌረዳ ነው። ቦታው የገበያው ሜዳ ነው። ገንዳውን ያስቀመጠው ደግሞ ከሮቢ ወንዝ የተጠለፈው ቦይ ወደ ሜዳው በሚገባበት አናት ላይ ነው።

ያ ቦይ ገበያውን አልፎ ታች ያለውን መንደር ሁሉ የሚያጠጣ ነው። የመጨረሻው ጠጪ የአማቴ የአብዱሰላም መንደር ነው። አማቴ የቦዩ የውሃ አባት ናቸው፤ ማን መቼ እንደሚያጠጣ ተራ የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። ገንዳው ከተሠራ ውሃው እዚያው ተኝቶ ይቀራል፣ ጥር ሲገባ የታችኛው መንደር ሎሚና ፓፓያ ይደርቃል። ካልሠራሁት እኔ ዋሻ እገባለሁ፣ ገንዳውን ሌላ ሰው ይሠራዋል። ትልቁ ሹማቸው በየካቲት ስለሚያልፍ እስከዚያ አልቆ ማየት ይፈልጋል።

ራህመት ደኅና ናት። አባቷ ዘንድ ሰንበት ብላለች።

ካፒቴኑ ጽጌረዳ ካልመጣ ብሏልና እባክዎ ከጓሮዎ ቆርጠው ይላኩልኝ። ይህን ወረቀት እንዴት እንደማርመውም ይምከሩኝ።

ልጅዎ አብዱልሃዲ

ደብረ ሲና፣ ኅዳር 3 ቀን 1931 ዓ.ም.

አብዱ ልጄ፣

ደብዳቤህን እያነጠስኩ አነበብኩት። ሳልህ ከበርበሬው መሃል ቀብሮ ነው የሚያመጣልኝ፤ ከተማው መግቢያ ላይ ያሉት ፈታሾች እጃቸውን በርበሬ ውስጥ አይከቱም ይላል። ይበጀናል። ጉልበቴን የጠየቅከውን፣ ጉልበቴ የጉልበት ነገር ሆኖ አለ። ወርጄ እንዳላይህ ደግሞ የይለፍ ወረቀት ከልክለውኛል። ለምን አትበለኝ።

አሁን ልቆጣህ። ስለ ካፒቴኑ ሥዕል ገጽ ሙሉ ጻፍክ፣ ስለ ራህመት አንድ መስመር። ያገባኸው የትኛውን ነው?

ጽጌረዳውን በእርጥብ ኮባ ጠቅልዬ ልኬልሃለሁ። የእኛን ብርድ የለመደ ነውና ድንገት ፀሐይ ላይ ካወጣኸው በአንድ ሳምንት ያልቃል። መጀመሪያ እቤትህ ጓሮ ጥላ ሥር አኑረህ ሙቀቱን አለማምደው። በየዕለቱ ውሃ ካላገኘ ግን አትድከም።

ወረቀት አርሚልኝ ላልከው፣ እኔ ወረቀት አላርምም፤ ከበደም ነፍሱን ይማረውና አያርምም ነበር። ሌጋሲዮን ግቢ ስትመጣ ውሃ ተሸካሚ ነበርክ። ከበደ ሰው ሲቀጥር እጅ ነበር የሚያየው። ያንተን አይቶ «ይሄ የድንጋይ ካቢ ልጅ ነው» አለኝ፤ አባትህ በይፋት ተዳፋት ላይ እርከን ሲክቡ እንደኖሩ ገና ሳትነግረን። ቀጥሎ መቆፈር ሰጠህ፣ ቀጥሎ መትከል፣ ቀጥሎ ገመድና ካስማ። ወረቀት መጨረሻ ላይ ነው እጅህ የገባው። ታዲያ አሁን ምን ሆነህ ነው ከወረቀት የጀመርከው?

እስቲ መልስልኝ። በዚያ ሜዳ ላይ ሰው የሚሄደው በየት በየት ነው? ግመል የሚያርፈው የት ነው? ውሃ ቀጂዎቹ ምን ያደርጋሉ? ቅቤ ሻጮቹስ ለምን እዚያ ይቀመጣሉ? የማታውቀው ከሆነ ማንን ጠየቅክ? ካፒቴኑ ሜዳውን ባዶ አድርጎ ቢሥለው አልፈርድበትም፣ የመጣው ትናንት ነው። አንተ ግን እዚያው ተወልደህ ባዶ መሰለህ?

ለራህመት ሰላምታዬን አድርስልኝ። ማድረስ ከቻልክ።

ወርቅነሽ

ሸዋ ሮቢት፣ ኅዳር 29 ቀን 1931 ዓ.ም.

እትዬ፣

ጥያቄዎ ከጽጌረዳው ይልቅ አስቸገረኝ። ጽጌረዳው አንድ ቦታ ይቀመጣል፤ ጥያቄዎ ግን ሰው ከተቀመጠበት ያስነሣል።

ወረቀቱን አጥፌ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ጋሼ ከበደ ሌጋሲዮን ግቢ እንዳደረጉት፣ ከአውድማ የጤፍ ገለባ አስጭኜ በገበያው ዋዜማ ሜዳውን አለበስኩት። ዘበኛው ምን እየሠራሁ እንደሆነ ሲጠይቀኝ መሬት እያለሰለስኩ ነው አልኩት። ገበያተኛው ገባ፣ ዋለ፣ ወጣ። ሰው በሄደበት ሁሉ ገለባው ወዲያና ወዲህ ተገፍቶ መሬቱ እንደ መስመር ታየ። ካፒቴኑ በሣለው የጎማ ዘንግ ላይ አንድ ሰው አልሄደም።

በሚቀጥለው ገበያ ቁጭ ብዬ ጠየቅኩ። ቅቤ ሻጯን ከዲጃን ዋርካው ሥር የምትቀመጠው ለጥላው ነው ወይ ብላት ሳቀችብኝ። «ጥላማ የትም አለ። እዚህ ነፋሱ ከወንዝ ስለሚመጣ ቅቤዬ አይቀልጥብኝም» አለች። ግመለኞቹ ሰፊ መዞሪያ እንጂ ቀጥ ያለ መንገድ አንፈልግም አሉኝ፤ ግመል ጠባብ ማዕዘን ላይ ይደነግጣል። ውሃ ቀጂዎቹ ቦዩ ዳር ቆመው እርስ በርስ ሲጠባበቁ አይቼ ወሬ ወደው ነው እል ነበር። ለካ የሞላ እንስራ ለብቻ ጀርባ ላይ አይወጣም፤ አንዷ ካላሳዘለቻት ሌላዋ አትነሣም። ወገብ የሚደርስ ድንጋይ ቢቀመጥላቸው ሰው ሳይጠብቁ ይሄዳሉ። ይህን ሁሉ ሳላውቅ ሌጋሲዮን ግቢ የሠራሁ ሰው ነኝ እያልኩ ስኮራ ነበር።

አንድ መስመር ግን አልገባኝም። ገለባው ላይ ከሁሉ ጎልቶ የታየው እሱ ነው። ከቦዩ መግቢያ ይነሣና ዋርካውን በግራ ትቶ፣ ጎበጥ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። አቋራጭ አይደለም፣ እንዲያውም ያረዝማል። ጥላ የለበትም፣ ሻጭ የለበትም። በዚያ የሚሄዱትን ለምን በዚህ እንደሚሄዱ ስጠይቃቸው «በዚህ ነው እንዴ የምሄደው?» ብለው መልሰው እኔን ይጠይቁኛል። ነገሩ እንቅልፍ ነሥቶኛል።

ስለ ራህመት ከአንቱ የሚደበቅ የለም፤ ሞክሬም አልሆነልኝም። ሰንበት አላለችም፣ ሄዳለች። ወረቀቱን ቤት ይዤ የገባሁ ዕለት ገንዳውን በጣቷ አሳይታ ይህ ምንድን ነው አለችኝ። ነገርኳት። «የአባቴን ውሃ ከሚያስር ሰው ጋር አንድ ማዕድ አልቀርብም» ብላ ነጠላዋን አንሥታ ወጣች። ዋሻ ይሰዱኛል ብላት የምትመለስ መስሎኝ ነበር፤ ግን አላልኳትም። ለምን እንዳላልኳት አላውቅም። ቤቱ ባዶ ሆኖብኛል፣ እትዬ። ሥራውን የምሠራው ዋሻውን ፈርቼ ብቻ አይደለም፤ እሷና አባቷ የሚገቡበት በር ካለው ብዬ እየፈለግኩ ነው።

ጽጌረዳዎቹ አልሞቱም። ማለዳ ወጥቼ ሲመሽ ነው የምገባው፣ አንዳንድ ቀን ጨርሶ አላጠጣቸውም። እንዲያም ሆኖ ቅጠል አውጥተዋል።

አብዱልሃዲ

ደብረ ሲና፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 1931 ዓ.ም.

አብዱ፣

አጭር ነው የምጽፈው፣ ሳልህ ደጄ ላይ ቆሞ ይነጫነጫል።

መጀመሪያ ስለ ራህመት። አዘንኩ። ደግሞም ወደድኳት።

ሰው ሳያውቀው የሚሄድበት መንገድ ካለ፣ የሚያውቀው እግሩ ነው ማለት ነው። ከሥሩ ምን አለ? ስለዚያ መሬት ከአማትህ የበለጠ የሚያውቅ አለ? ያኮረፉ ሰው ዘንድ ይቅርታ ይዘህ አትሂድ፣ አይሰሙህም። ጥያቄ ይዘህ ሂድ።

ከበደ ለምን የመጨረሻውን ድንጋይ ሳያኖር ይተው እንደነበር ድሮ የጠየቅከኝን ሳልነግርህ ቀርቻለሁ። ሌሎቹ ሠራተኞች ሰነፍ ይሉት ነበር። መንገዱን ሁሉ ይሠራና ደጃፉ ላይ የምትገባውን አንዷን ድንጋይ ከቦታዋ አጠገብ አስቀምጦ ይሄዳል። እኔም አንድ ቀን ጠየቅኩት። «የመጨረሻው ድንጋይ የእግረኛው ነው። ራሱ ካላኖረው መንገዱ የእኔ እንደሆነ ይቀራል» አለኝ። የእኛን ቤት ደጃፍ ድንጋይ ያኖርኩት እኔ ነኝ፤ ጠማማ ናት፣ እስክሞት አላቃናትም።

ሌላም ጥያቄ አለኝ። ጽጌረዳዎቹን የሚያጠጣቸው ማን ነው?

ወርቅነሽ

ሸዋ ሮቢት፣ ጥር 10 ቀን 1931 ዓ.ም.

እትዬ፣

መዘግየቴን ይቅር ይበሉኝ። እጄ በድንጋይ ተላልጦ ብዕር አልይዝ ብሎኝ ነበር።

እንዳሉኝ ጥያቄ ይዤ ሄድኩ። አማቴ ከቦዩ ጫፍ ደለል ሲጠርጉ አገኘኋቸው። ሰላምታዬን ቀና ሳይሉ መለሱ። ስለ ካፒቴኑም ስለ ራህመትም ሳላነሣ ስለዚያ መስመር ብቻ ነገርኳቸው። ደለሉን መጥረግ ቀጠሉ። ተስፋ ቆርጬ ልሄድ ስል፣ «ጎበጥ ይላል ነው ያልከው? ወዴት ነው የሚጎብጠው?» አሉ።

በሚቀጥለው ገበያ መጡ። በርበሬ ልገዛ ነው አሉ እንጂ በርበሬ ያለበት አልደረሱም። ጫማቸውን አውልቀው መስመሩ ላይ ወጡ፣ ወረዱ፣ ቆሙ፣ መሬቱን በተረከዛቸው መቱት። ከዚያ «ቆፍር» አሉኝ።

እትዬ፣ ከሥሩ ቦይ አለ! ዶማዬ ብዙም ሳይጠልቅ ድንጋይ ነካ። ግራና ቀኙ የተካበ፣ መሬቱ በጠፍጣፋ ድንጋይ የተነጠፈ የአያቶች ቦይ ነው። አንድ ዘመን ጎርፍ ደለል ሞልቶት ሰው ትቶት፣ የዛሬው ቦይ አሸዋው ላይ ተቆፈረ። አማቴ አባታቸው የድሮው ውሃ በዋርካው ቀኝ ነበር ሲሉ ሰምተው የሽማግሌ ወሬ መስሏቸው ኖሯል። ክረምት ሜዳው ሲጨቀይ ጠንካራው መሬት እሱ ብቻ ስለሆነ፣ ሰው ሳያስበው በዚያ ሄደ፣ ልጁም በዚያ ሄደ። አካባቡን ሳየው የአባቴን እጅ ያየሁ ያህል ሆድ ባሰኝ።

ከዚያ ወዲያ ማን ምን እንዳለ መለየት ያቅተኛል። አማቴ፣ ከዲጃ፣ ግመለኞቹ፣ ውሃ ቀጂዎቹ ሁሉም ካስማ እየነቀለ ሌላ ቦታ ይተክላል። ተጨቃጨቅን፣ ተሳሳቅን። ትልቁ ገንዳ ቀረ። ውሃው በአያቶች ቦይ ይገባል፣ ካፒቴኑ ድምፁን እንዲሰማ እኔ በካብኩት ደረጃ ላይ እየዘለለ ይወርዳል፣ በታችኛው ጥግ ወጥቶ ወደ መንደር ይሄዳል። የዛሬው ቦይ ግማሹን ውሃ አሸዋ እያስጠጣ ነበር የሚያልፈው፤ ድንጋዩ ግን አይጠጣም። ስለዚህ ታች የሚደርሰው ከበፊቱ ይበዛል ይላሉ አማቴ። ለካፒቴኑ አንዲት ትንሽ ገንዳ ትተናል፣ እሷም በቀኗ ብቻ ትሞላለች። የውሃ አባቱ ካፒቴኑን ሳይነግሩት ተራ አስገቡት።

ሠራተኛ የተገኘበትን ነገር ልንገርዎና ይሳቁ። ካፒቴኑ የአበባውን ቦታ አስቦ «ጃርዲኖ ይተከላል» ተብሎ እንዲለፈፍ አዘዘ። አስተርጓሚው «አትክልት ይተከላል» ብሎ ለፈፈ። አገሬው ምን ይስማ? በማግስቱ የቃሪያ ችግኝ፣ ሽንኩርት፣ ሸንኮራ፣ የፓፓያ ፍሬ ይዞ ተሰለፈ። ለአበባ ቢሆን አንድ ሰው አይመጣም ነበር። ልመልሳቸው አስቤ አፌ እምቢ አለኝ፤ ሁሉንም ተከልነው። ካፒቴኑ ለሥራ ደሴ ሄዷል። ሲመለስ ገንዳዬስ፣ አበባዬስ ቢለኝ ብዬ እፈራለሁ።

አማቴ ስለ ራህመት አልተነፈሱም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ጽጌረዳውን ያጠጣሽው አንቺ ነሽ ወይ ብዬ ጎረቤቴን አልማዝን ጠየቅኳት። «መላእክት ይሆናሉ» ብላኝ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች።

አብዱልሃዲ

ደብረ ሲና፣ የካቲት 2 ቀን 1931 ዓ.ም.

አብዱ፣

ሳልህ ሁለት ጊዜ ባዶ እጁን መጣ። ከሮቢት በካሚዮን ተጭነው ወደ ዋሻው የተወሰዱ ሰዎች በደጄ ሲያልፉ ወጥቼ ፊታቸውን አንድ በአንድ አየሁ። አንተ የለህበትም። ግን ሽፍን ካሚዮንም ነበር። ፈርቻለሁ፣ ልጄ። ከከበደ ሞት ወዲህ እንዲህ አልፈራሁም። አንድ ቃል ጻፍልኝ፣ ስድብም ቢሆን።

በሕይወት ካለህ ደግሞ፣ ጽጌረዳውን ማን እንደሚያጠጣ ሰው እየዞርክ አትጠይቅ። እንዴት እንደሚጠየቅ ታውቃለህ።

ወርቅነሽ

ሸዋ ሮቢት፣ የካቲት 21 ቀን 1931 ዓ.ም.

እትዬ ወርቅነሽ፣

አለሁ። ሽፍኑ ካሚዮን ውስጥ አልነበርኩም፣ ለአንድ ጣት ያህል ተረፍኩ እንጂ። ያን ሁለት ጊዜ ሥራው ፋታ ነሥቶኝ ሳልጽፍ ቀረሁ፤ ኋላ ደግሞ ሳልህ ታመመ፣ በሌላ ሰው ደብዳቤ መላክ ፈራሁ። ስላስጨነቅኩዎ እግርዎን እስማለሁ።

ካፒቴኑ ተመልሶ ሜዳው ላይ ቃሪያ ሲያይ ፊቱ ቀላ። ይህ ምንድን ነው አለ። አስተርጓሚው አትክልት ነው አለው። ብዙ ተነጋገሩ። ለካ በእነሱ ቋንቋ የአበባው ቦታ ጃርዲኖ፣ የጎመኑ ቦታ ኦርቶ ነው የሚባለው፤ ሁለት ስም አለው። በእኛ አፍ ሁሉም አትክልት ነው ብዬ አስረዳሁ። ካፒቴኑም «የእናቴ ቤት ፊት ለፊቱ ጃርዲኖ፣ ጓሮው ግን ኦርቶ ነበር» አለ፣ ቃሪያ ቀጠፈና ነከሰ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ቃሪያው ይሁን እናቱ አልጠየቅኩትም።

ከዚያ ገንዳዬስ አለ። ወስጄ የአያቶችን ቦይ አሳየሁት። ተንበርክኮ ድንጋዩን ዳሰሰ። ማን ሠራው? መቼ? እያለ ይጠይቃል፤ እኛም አናውቅም እንላለን። በመጨረሻም «ይህ እንዳለ ይቀመጥ» አለ። ደግ ሰው ወጣው ማለቴ አይደለም፤ በማግስቱ እዚያው ገበያ ላይ ሰው አስገርፏል። ትልቁ ሹምም መጣ፣ ከመኪናው ሳይወርድ ወደ ደሴ አለፈ። ያ ሁሉ ፍርሃት ለአቧራው ሆነ።

ውሃው ታች ደርሷል። ሎሚው አልደረቀም።

አሁን የጠየቁኝን ልመልስ። የተረፈኝን ገለባ ጓሮዬ ላይ ነስንሼ ወደ ሥራ ሄድኩ። ስመለስ አንድ ሰው የሄደበት መስመር አገኘሁ። ከአልማዝ አጥር አይደለም የመጣው፤ ከቦዩ ዳር፣ ከታችኛው መንደር በኩል ነው። ጽጌረዳው ሥር እንስራ ያረፈበት ክብ አለ። መስመሩ ግን ቀጥ ብሎ አልመጣም፤ ጓሮው መሃል ባዶ መሬት ላይ ያለ ምክንያት ዞር ብሎ ያልፋል። ቆሜ አየሁት። ከዚያ ገባኝና እዚያው ተቀመጥኩ። ድሮ እዚያ ላይ የጉንዳን ቤት ነበር። ክረምት ጎርፍ ጠርጎት ሄዷል፣ ዛሬ የለም። ራህመት ግን ጉንዳን ነክሷት ስለነበር ሁልጊዜ ትዞረው ነበር። የሌለውን የጉንዳን ቤት ዞሮ የሚያልፍ ሰው በዚህ ዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው።

እኔን ተቀይማኝ ተክሉን አልተቀየመችም። ከአባቷ ተራ ላይ ውሃ እየቀዳች ያን ሁሉ መንገድ ስትመላለስ ነበር። አለቀስኩ፣ እትዬ፣ አልደብቅዎትም።

አልሄድኩባትም፤ ሰውም አልላክሁም። ከቦዩ የተረፉ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ነበሩኝ፤ መስመሩን ተከትዬ ከቦዩ ዳር እስከ ደጃፌ አነጠፍኳቸው። የጉንዳኑ ቤት ጋ ስደርስም እንደ እሷ ዞርኩ። የመጨረሻዋን ድንጋይ ከደጃፉ አጠገብ አስቀምጬ ወደ ሥራ ሄድኩ። ሳትነካ አደረች። ደግሞ አደረች። በየቀኑ እያየኋት እወጣለሁ፣ እያየኋት እገባለሁ። ጽጌረዳው ግን ይጠጣል።

ትናንት ስመለስ ድንጋይዋ ቦታዋ ገብታለች። ጠማማ ናት፣ እንደ አንቱ ደጃፍ። በላይዋ ላይ እንስራ ተቀምጧል።

ይህን ስጽፍ ራህመት ጓሮ ናት። ከጽጌረዳው አንዱን ካፒቴኑ አያገኘውም ብላለች፣ እኔም እሺ ብያለሁ። ጠጋ ብላ ለማን ነው የምትጽፈው ስትለኝ ለአንቱ እንደሆነ ነገርኳት። «ሰላም በልልኝ፤ ደግሞ ቶሎ ጨርስና ና፣ ውሃው መጥቷል» አለችኝ። ዛሬ ተራው የእኛ ነው።

ልጅዎ አብዱልሃዲ